ሰባተኛው ዘፈን የት ላይ ያልቃል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥርሱን ያመመው ሰው ሌላ ክሊኒክ ቢፈልግ ይሻለዋል። የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ «ዝግ ነው» የሚል ሰሌዳ ይንጠለጠላል፤ ውስጡ ግን ከሥራ ቀን የባሰ ጩኸት አለ። በዚያ የሚያልፍ ሰው «እዚህ ቤት ያለ ማደንዘዣ ነው እንዴ የሚነቅሉት?» ቢል አይፈረድበትም። የሚነቀል ጥርስ ግን የለም። ልጆች ያደረሱ፣ ፀጉራቸው መሸበት የጀመረ አራት ሰዎች ናቸው፤ የሚጨቃጨቁትም ወጥቶ በማያውቅ ዘፈን ነው።

የሙዚቃ ባንዱ «ዝገት» ይባላል። በእነዚህ ሰዎች የጉርምስና ዘመን ሁለት ካሴት አውጥቶ፣ ሦስተኛውን ሊያወጣ ሲል ድንገት ተበተነ። ለምን ተበተነ ለሚለው ጥያቄ አራቱ ሰዎች አምስት ምክንያት አላቸው። ከሦስተኛው ካሴት የተረፈው አንድ የልምምድ ቅጂ ብቻ ነው፦ አሥራ አንድ ዘፈን፣ አንዱም ስም የሌለው፣ ግማሹ ግጥም የሌለው፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ሲገለበጥ እነሱ ዘንድ የደረሰ። ስም ስለሌላቸው በቁጥር ይጠሯቸዋል። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰው ያስላል። ያ ሳል የከበሮ መቺው ነው ወይስ የቤዝ ጊታሪስቱ የሚለው ክርክር ብቻውን አንድ ክረምት በልቷል። ከመካከላቸው ብቸኛዋ ሴት ፋርማሲስት ናት፤ ጆሮዋን ማጫወቻው ላይ ደቅና ከሰማች በኋላ «ይሄ ደረቅ ሳል ነው። ከበሮ መቺው አጫሽ ነበር፤ የሱ ቢሆን አክታ ይኖረዋል» ብላ ፈረደች፤ ለበሽተኛውም ያኔ ምን ዓይነት ሽሮፕ መውሰድ እንደነበረበት ጭምር ተናገረች። ዘጠነኛው ከመነሻው እስከ መድረሻው ከበሮ ብቻ ነው። ፋርማሲስቷ «ረቂቅ ሥራ ነው» ትለዋለች፤ የጥርስ ሐኪሙ ደግሞ ከበሮ መቺው ቀድሞ መጥቶ ሌሎቹን እየጠበቀ ነው ባይ ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ማሟሟቂያ ነው። ዋናው ነገር ሰባተኛው ነው።

ሰባተኛው ቀስ ብሎ ይጀምራል። ዘፋኙ ተሳፋሪ ስለሌለው አውቶቡስ ያዜማል፤ ከሥር ጊታሩ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው አንድ በአንድ እየወጣ፣ እየወጣ፣ ሰሚው ትንፋሹን ሰብስቦ «አሁን!» ሲል፣ ቀጭ። ዝም። ከማጥፊያው ቁልፍ ድምፅ በቀር ምንም የለም።

«አልቋል!» ይላል የጥርስ ሐኪሙ። «ሆን ብለው ነው ያቆሙት። ከዚህ የበለጠ መጨረሻ ከየት ይመጣል? ሰዎቹ አዋቂዎች ናቸው፣ ሲያልቅ እንደማያምር ያውቃሉ። ዝም አይነቅዝም!»

«ይቀረዋል!» ይላል መኪና አስተማሪው። «ዳገት መሐል ሞተሩ የጠፋ መኪና ደረሰ ይባላል? እኔ በቀን ስንቴ የማየው ነገር ነው!»

መኪና አስተማሪው እንጀራው ሰው መኪና መንዳት ማስተማር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ፣ እግሩን በሱ በኩል የተገጠመው ትርፍ ፍሬን ላይ አድርጎ ይውላል። ለጥርስ ሐኪሙ ጓደኛም አማችም ነው። ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የ«ዝገት»ን ካሴት በአንድ ማዳመጫ፣ ግራውን ለአንዱ፣ ቀኙን ለሌላው ተካፍለው ሰምተዋል። በግራ በኩል ጊታሩ፣ በቀኝ በኩል ከበሮው ይበዛ ስለነበር እስከ ዛሬ ሐኪሙ የጊታሩ፣ መኪና አስተማሪው የከበሮው ወገን ነው። ኋላ መኪና አስተማሪው የሐኪሙን ታናሽ እህት አገባ። «እህቴን የሰጠሁህ የወሰድከውን ካሴት እንድትመልስ ብዬ ነው» እያለ ይቀልድበታል ሐኪሙ። ካሴቱ ግን አልተመለሰም።

ክርክሩን የሚመራው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሰብሳቢው ይሉታል። ሥነ ሥርዓት ሲጠፋ፣ ለሕፃናት ጥርስ አቦራረሽ ማሳያ የተቀመጠውን ትልቁን የፕላስቲክ መንጋጋ ያነሣና ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። በሰባተኛው ዘፈን ላይ አቋም ይዞ አያውቅም። «መረጃው አይበቃም» ይላል፤ ይህንን ለማለትም ከሁሉም የበለጠ ሰዓት ይወስዳል።

እንዲህ እየተባባሉ ብዙ ዓመት በፍቅር ኖሩ። ችግር የመጣው መኪና አስተማሪው «ይቀረዋል» ማለቱ አልበቃ ብሎት የቀረውን ራሱ ስለሠራው ነው። ዳገት ላይ ሞተር ያጠፋ ተማሪ እስኪያስነሣ ሲጠብቅ እያንጎራጎረ፣ እያንጎራጎረ፣ ለሰባተኛው መጨረሻ አበጀለት። ጊታሩ ከቆመበት ዜማው ሦስት ደረጃ ይወርዳል፣ ትንሽ ያመነታል፣ ከዚያ ድምፅ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል። በየቅዳሜው «አንዴ ልበለው» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይለዋል። የጥርስ ሐኪሙም በየቅዳሜው ይስቃል። «ላም አለኝ በሰማይ!» ይለዋል። መኪና አስተማሪውም አብሮ ይስቃል።

አንድ ቅዳሜ ግን አብሮ አልሳቀም። ያን ቀን ዜማውን ጨርሶ ዓይኑን ሳይገልጥ ሐኪሙ ቀደመና «እንደ ባለሙያ ልንገርህ? ይሄ ጤነኛ መንጋጋ ላይ የበቀለ ትርፍ ጥርስ ነው። ማደንዘዣም አያሻው፣ ይነቀል!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የ«ይቀረዋል» ወገን የሆነችው ፋርማሲስቷ እንኳ አፏን በመሀረብ ይዛ ሳቀች። መኪና አስተማሪው ዓይኑን ገለጠ፣ አንድ በአንድ አያቸው፣ ጃኬቱን አነሣና ተነሣ። «ወዴት ነው?» ሲሉት «ተማሪ አለኝ» አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪ ኖሮት አያውቅም። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ሐኪሙ በሩ ሲዘጋ እያየ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። መኪና አስተማሪው ቅዳሜ አይመጣም፣ ስልክ አያነሣም። ሐኪሙ እሁድ ለምሳ እህቱ ቤት ሲሄድ ባልየው መኪና ላጥብ ብሎ ይወጣል። «ያ መኪና በመታጠብ ብዛት ቀለሙ ሊለቅ ነው» አለች እህትየዋ።

ሐኪሙን አማቹ ናፈቀው። ሌላ ስም የለውም፣ ናፈቀው። ሰባተኛው ተጫውቶ ያ የሚያደንቀው ዝምታ ሲመጣ ዓይኑ ጎኑ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ያርፋል። «ይቀረዋል!» የሚል ሰው ከሌለ «አልቋል!» ማለት ምኑ ይጣፍጣል? ሰብሳቢው ነገሩ እንዳይቀዘቅዝ ብሎ አንድ ቀን መኪና አስተማሪውን ወክሎ ለመከራከር ሞከረ፤ ገና ከመጀመሩ ከሐኪሙ ጋር ተስማምቶ ቁጭ አለ። መድኃኒቱ አንዲት ቃል እንደሆነች ሐኪሙ አላጣውም። ይቅርታ ማለት ግን ለሱ የራሱን ጥርስ በራሱ እጅ እንደመንቀል ነው። ሲውል ሲያድር የሰው አፍ ያስከፍታል፤ የገዛ አፉን የሚከፍትበት መላ ጠፋው።

በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ አፉ ውስጥ አንድም ጥርስ ሳይቀረው ወደ ክሊኒኩ መጣ። ቀለም መሸጫ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ ጥፍሩ ሥር አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ፈልጎ ነው የመጣው። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ አጋድሞ መብራቱን አስተካከለና «እስቲ አ ይበሉ ጋሼ» አለው።

ሽማግሌው «ኣኣኣ» አለ። የሐኪሙ መስተዋት ከእጁ ወደቀ።

«ይድገሙልኝ!»

«ምነው ልጄ፣ ክፉ ነገር አየህ እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለም። ብቻ አንዴ ይድገሙልኝ።»

ሽማግሌው ደገመለት። የመጀመሪያው ካሴት የሚከፈተው በዚያ ድምፅ ነው፤ እሱን እየሰማ ያደገ ሰው ጥርስ ኖረም አልኖረም አይስተውም። የ«ዝገት» ዘፋኝ አፉን ከፍቶ ተጋድሞለታል!

ልብ ያለው ሰው መጀመሪያ ይጠይቅና ኋላ ይለካ ነበር። ሐኪሙ ግን ከድንጋጤው የተነሣ እጁ በልምድ ሄደ፤ ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ፣ ሊጥ የመሰለውን የድድ መለኪያ በብረት መያዣ ሞልቶ የሽማግሌው ላንቃ ላይ ከለጠፈ በኋላ ነው አንደበቱ የተፈታው።

«ጋሼ፣ ሰባተኛው አልቋል ወይስ ይቀረዋል?»

«ምምም» አለ ሽማግሌው።

«አልቋል ማለትዎ ነው?»

«ምምም!»

«ይቀረዋል?»

ሽማግሌው በአፍንጫው እየተነፈሰ በጣቱ ወደ አፉ አመለከተ። ሊጡ እስኪረጋ መንጋጋውን ማንቀሳቀስ የለበትም፤ ይህንንም ያዘዘው ራሱ ሐኪሙ ነው። ሐኪሙ እስከዚያ መታገሥ አቃተውና ሮጦ ከመጠበቂያ ክፍሉ ማጫወቻውን አምጥቶ ሰባተኛውን ከፈተለት። ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አዳመጠ። ጊታሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ቀጭ።

መለኪያው ከአፉ ሲወጣ ሽማግሌው መጀመሪያ ያለው «ጎበዝ ነው፤ ማን ነው የሚዘፍነው?» ነው።

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«እኔ?» ድዱን በምላሱ እየዳሰሰ አሰበ። «ድምፁስ እውነትም የኔ ነው። ዘፈኑን ግን አላስታውሰውም ልጄ። ከዚያ ወዲህ ስንት በርሜል ቀለም በጥብጫለሁ መሰለህ። ደግሞ ለምንድን ነው ያቆመው? ቀጣዩስ?»

ሐኪሙ ሰማይ ተደፋበት። የዕድሜውን ግማሽ የተከራከረበትን ነገር ባለቤቱ መልሶ እሱኑ ይጠይቀው? ቢቸግረው ስለ ሦስተኛው ሳል ጠየቀ። «ሁላችንም እናስል ነበር፤ ክፍሉ እርጥበት ነበረው» አለ ሽማግሌው። «ይልቅ ቀጣዩን ንገረኝ። ይሄን ያህል የምታውቅ ሰው ቀጣዩን እንዴት አታውቅም?»

ሐኪሙ «ቀጣይ የለውም፣ አልቋል» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «አንድ ጉደኛ አማች አለኝ፣ እንዲህ ነው ይላል» አለና የመኪና አስተማሪውን ዜማ ለማሾፍ ያህል ጀመረ። ሦስቱን ደረጃ እያሾፈ ወረደ። ማመንታቱ ጋ ሲደርስ ማሾፉ ተረሳው። ወደ ላይ ሲወጣ ዓይኑ ተጨፍኗል። አንዲት ቦታ እንኳ አልሳተም፤ ዜማውን እንዲህ ጠንቅቆ ማወቁ ራሱን አስደነገጠው።

ሽማግሌው ከወንበሩ ቀና አለ። «ይኸው!» አለ። «ይኸው እንጂ! እንዲህ ነበር! አሁን ትዝ አለኝ!»

«አይ ጋሼ፣ ይሄ እንኳን…»

ሽማግሌው አልሰማውም። ዜማውን ተቀብሎ በባዶ ድዱ እያንጎራጎረ ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ያ ዜማ የት እንደተሠራ ሐኪሙ ያውቃል፤ በአሮጌ የመማሪያ መኪና ውስጥ፣ አንዱ ተማሪ ቁልፍ እያዞረ ሲያልበው። ግን ሰው የጠፋ ወጣትነቱን ያገኘ መስሎት ሲያለቅስ «የርስዎ አይደለም» ለማለት ደንዳና ልብ ይጠይቃል። ሐኪሙ እውነቱን ዋጠው። ወዲያውም አንድ ሐሳብ መጣለት፣ ልቡም ቅቤ ጠጣ።

ማታውኑ ለእህቱ ደወለ። «ጥርሱ ተሠርቶ ሲያልቅ ዘፋኙን ቅዳሜ እዚህ አስቀምጠዋለሁ። የሰባተኛው መጨረሻ ይሄ ነው ብሎ በገዛ አፉ የባልሽን ዜማ ይዘፍነዋል። እኔ እሸነፋለሁ፣ ባልሽ ያሸንፋል፣ በደስታ ይታረቀኛል።»

እህትየዋ እስኪጨርስ ጠበቀችው። «ወንድም ጋሼ፣ አንዲት ቃል ላለመናገር ነው ይሄ ሁሉ?»

«የቷን ቃል?»

«ታውቃታለህ።»

«ዋናው መታረቁ ነው። አንቺ ብቻ ይዘሽው ነይ።»

«ምን ብዬ?»

«ጥርሴን አመመኝ በይው።»

«እናንተን ያገናኘ ካሴት ያኔውኑ በተቃጠለ!» አለችና ዘጋችው። እንደምትመጣ ግን ገባው።

ሰው ሠራሽ ጥርስ በአንድ ቀን አይደርስም። ሽማግሌው ለልክ፣ ለሙከራ፣ ለማስተካከያ ተመላለሰ። የጥርስ ቀለም ምረጡ ሲባል ናሙናዎቹን ወደ መስኮት ወስዶ በብርሃን አገላበጣቸውና «ከነዚህ ውስጥ ነጭ የሚባል የለም። ይሄ ክሬም ነው፣ ይሄ የሳሎን ግድግዳ ነው፣ ይሄንን ሰው ለጣሪያ እንኳ አይገዛኝም» አለ። ሐኪሙን ያስጨነቀው ግን ይሄ አይደለም። ሽማግሌው በመጣ ቁጥር ትዝታው ይሰፋል። መጀመሪያ ዜማውን መስኮት ሥር ተቀምጦ እንደደረሰው አስታወሰ። ቀጥሎ ያን ቀን ዝናብ እንደነበር። ከዚያ ደግሞ ከበሮ መቺው ሲሰማው እንዳለቀሰ። «እንዲህ ክንዱን ዓይኑ ላይ አድርጎ» ይላል፣ ክንዱን ዓይኑ ላይ አድርጎ እያሳየ። ሐኪሙ የሰም ሞዴሉን ይዞ ቆሞ ያዳምጣል። አንድ ቀን እውነቱን ሊነግረው ቆርጦ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» ብሎ ጀምሮ ነበር። ሽማግሌው በተስፋ ቀና ብሎ ሲያየው «ጠንካራ ነገር አይንከሱበት» ብሎ ጨረሰው።

ቅዳሜው ደረሰ። ሽማግሌው አዲሱን ጥርሱን ገጥሞ በመጠበቂያ ክፍሉ መሐል ተቀመጠ። ሰብሳቢው ከረባት አስሮ መጥቷል። ፋርማሲስቷ ዘፋኙን ስታይ አፏ ተሳሰረ፤ ሲፈታላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ሳሉ ነበር። «እርጥበት» የሚለውን መልስ ስትሰማ የበሽታውን ዓይነት ከሥር ጀምራ ልትመረምር ተነሣች፤ ሰብሳቢው በመንጋጋው አስቆማት።

በሩ ተከፈተ። እህትየዋ ጉንጯን በእጇ ደግፋ «ኧረ ጥርሴን!» እያለች ገባች፤ ባሏ ከኋላዋ። መኪና አስተማሪው ሐኪሙን እንዳላየ አለፈው። ሰብሳቢው ብድግ ብሎ «የ‹ዝገት› ዘፋኝ ናቸው» ብሎ ሽማግሌውን ሲያስተዋውቀው ግን ያገኘው ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

ሰብሳቢው መንጋጋውን ቀጭ ቀጭ አደረገ። «ዛሬ ለዘመናት ሲያከራክረን የኖረው የሰባተኛው መጨረሻ ከምንጩ ይሰማል።»

ሽማግሌው ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዘፈነ። አዲሱ ጥርስ በየመሐሉ ቀጭ ይላል፤ ቢሆንም ያ ድምፅ ነው። ሦስት ደረጃ ወረደ፣ አመነታ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጣ። ሲጨርስ ፋርማሲስቷ እንባዋን እየጠረገች «ይቀረው ነበር! ያውም ልክ የሱ ዜማ! አላልኩም?» አለች። ሰብሳቢው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «መረጃው በቃ» አለ። ሐኪሙ ራሱን ደፋ አድርጎ «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ተሸነፍኩ» አለ። መስተዋት ፊት ስንት ጊዜ ተለማምዶታል። ብሎም የአማቹን ደስታ ለማየት በዓይኑ ጥግ አጮለቀ።

መኪና አስተማሪው ፊቱ ላይ ደስታ የለም። «ልክ አይደለም» አለ።

«ምኑ?» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

«መጨረሻው። ይሄ የድሮው ነው፣ ትቼዋለሁ። አሁን ሌላ ነው።»

«ልጄ፣ ዘፈኑ እኮ የኔ ነው» አለ ሽማግሌው በገርነት።

«ይሁን ጋሼ፣ ግን ተሳስተዋል።»

«እንዴት በገዛ ዘፈኔ…»

ሰብሳቢው መንጋጋውን አንኳኳ። «ጋሼ፣ መናገር ከፈለጉ እጅዎን ያውጡ።» ሽማግሌው እጁን አወጣ። ዕድል የሰጠው የለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እነዚህ ግን ባለቤቱን እያከበሩ፣ እጁን እንዳወጣ አስቀምጠው፣ አጥሩን መነቅነቅ ጀመሩ። ፋርማሲስቷ የድሮው ይሻላል አለች። ሰብሳቢው አዲሱ ሳይሰማ አይፈረድም አለ። መኪና አስተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ አዲሱን አሰማቸው። ሦስት ደረጃ ይወርዳል፣ ያመነታል፣ ከዚያ እዚያው ታች ይቀራል፣ እየቀነሰ እየቀነሰ ይጠፋል።

ማንም አልሳቀም። መኪና አስተማሪው ዓይኑን ሲገልጥ ስንት ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ሐኪሙን ፊት ለፊት አየው።

«ደግሞ የድሮውን ከዚህ ቤት ውጭ ለማንም አሰምቼው አላውቅም» አለ። «እሳቸው ከየት አገኙት?»

ፋርማሲስቷ ሰብሳቢውን አየች፣ ሰብሳቢው ፋርማሲስቷን አየ። እህትየዋ ጉንጯን መደገፉን ረስታ ወንድሟን አየችው።

ሐኪሙ «ከኔ» አለ።

«ካንተ?»

«እኔ ነኝ ያሰማኋቸው። እሳቸው ምንም አላስታወሱም ነበር። ቀጣዩስ ብለው አፋጠጡኝ፤ እኔ ደግሞ ካንተ መጨረሻ ሌላ የማውቀው መጨረሻ የለኝም።»

ሽማግሌው እስካሁን ሽቅብ የያዘውን እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። «እንግዲያው የኔ አይደለም?» አለ። «ዝናቡስ? ከበሮ መቺውስ?»

«አይደለም ጋሼ። ያኔውኑ መንገር ሲገባኝ አሳሳትኩዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቃሏ ወጣች። ሐኪሙ ራሱ ሰማት፣ ከገዛ አፉ። እህትየዋ በግርምት ጥርሷን አሳየች፤ አንዱም የታመመ አይመስልም። በቅጡ ለማያውቀው ሰው እንዲህ በቀላሉ ከወጣች፣ ያደጉበትን ማዳመጫ ለተካፈለው ሰው ምን አስጨነቃት?

«አንተም ይቅር በለኝ» አለ ወደ መኪና አስተማሪው ዞሮ። «ትርፍ ጥርስ ማለት አልነበረብኝም። ያን ሁሉ ቅዳሜ ስስቅብህ፣ ለካ በሆዴ ስሸመድደው ነበር።»

መኪና አስተማሪው ቀረብ አለ። «ሙሉውን ታውቀዋለህ?»

«ሙሉውን።»

«ማመንታቱንም?»

«ማመንታቱንም። ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብለህ ቀየርከው?»

መኪና አስተማሪው ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። «አልቀየርኩትም» አለ። «ከዚያን ቀን ወዲህ ላዩ አልወጣልህ አለኝ። ከተማሪ ጋር ሆኜ እሞክረዋለሁ፣ እዚያ ስደርስ ድምፄ ይቀራል። ስለዚህ እታች ተውኩት።»

ሐኪሙ ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት እንዲህ በዜማ ተለክቶ አይቶት አያውቅም።

«መልሰው» አለው።

«አልወጣም አለኝ እያልኩህ!»

«እንግዲያው እኔ አወጣዋለሁ።»

ይሄን ሲል የሚያውቁት ሁሉ ደነገጡ። የጥርስ ሐኪሙ ድምፅ ከመሰርሰሪያው ብዙ አይለይም። ቢሆንም ተነሣ፣ በእህቱ ፊት፣ በ«ዝገት» ዘፋኝ ፊት፣ «አልቋል» እያለ ዕድሜውን የፈጀበትን ዘፈን ካቆመበት ቀጠለው። ሦስቱን ደረጃ ወረደ። አመነታ። ወደ ላይ ሲወጣ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ተንሸራተተ፣ እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሽማግሌው ጆሮውን ይዞ ፊቱን አጨማደደ።

«እንደሱ አይደለም!» መኪና አስተማሪው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «አበላሸኸው! በጉሮሮህ ምን ያስጮህሃል? ቀስ ብለህ ትንፋሽህን ታስገባና እንዲህ…» ብሎ ሊያሳየው ጀመረ። ወረደ፣ አመነታ፣ ከዚያ ድምፁ ብቻውን፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ወደ ላይ ወጣ። ሽማግሌው እጁን ከጆሮው ላይ አነሣ።

መኪና አስተማሪው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ምን እንዳደረገ አሁን ነው የገባው።

«ወጣ» አለ ቀስ ብሎ።

«ወጣ» አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «እንግዲህ አልቋል ማለት ነዋ?»

«ምኑ አለቀ!» አለ መኪና አስተማሪው፣ ወንበር እየሳበለት። «ቁጭ በል እዚህ። ገና ማመንታቱን አላስተማርኩህም።»